ቀይ ፊኛ ካልመጣ እናት አትነሳ

ተረት ልዘርጋ? ዘርጋ በሉኝ። ስዘረጋው ግን ጫፉን ያዙልኝ፤ ብቻዬን ከያዝኩት መሬት ለመሬት ይጎተታል።

በአንድ ክረምት ነው። ዝናቡ እንደ ሥራ ፈት እንግዳ መጥቶ አልሄድ ያለበት፣ ልብስ ተሰጥቶ የማይደርቅበት፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ የሚሄድበት ክረምት። ከአንዲት ደጋ ከተማ በላይ ዩኒቨርሲቲ አለ። በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የኬሚስትሪ ሕንፃ አለ። በሕንፃው ደረጃ ላይ አንዲት እናት ተቀምጣለች።

ስሟ ጥሩዓለም ነው። ከቆላ የመጣችው የልጇን ብርድ ልብስና ጫማ ልትወስድ ነው። ዕቃውን አስረከቧት። ጠቀለለችው፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፣ ከዚያ ግን አልተነሳችም። ዘበኛው ለመናት፣ አልተነሳችም። የጽዳት ሴቶቹ ሻይ ይዘው መጡ፣ ጠጣች፣ አመሰገነች፣ አልተነሳችም።

ልጇ ምናሴ ይባል ነበር። የኬሚስትሪ ተማሪ ነው፤ ከግቢ ውጭ አንዲት ክፍል ከጓደኛው ጋር ተከራይቶ ይኖራል። አንድ ሌሊት ጓደኛው ሳይኖር፣ ለብርዱ ከሰል አያይዞ ወደ ውስጥ አስገባ፤ ነፋሱ እንዳይገባበት የበሩን ሥር በጨርቅ ወተፈ፤ ቁጭ ብሎ ያጠና ጀመር። ጠዋት አልወጣም። አከራዩ መቀርቀሪያውን ሰብረው ሲገቡ ወለሉ ላይ በደረቱ ተደፍቶ አገኙት። ያ የበሩ ጨርቅ በጭብጡ ውስጥ ነበር።

እንግዲህ የከተማ ወሬ ታውቃላችሁ። ጨርቁን ጨብጦ ተገኘ ተባለ። በገዛ እጁ በሩን ዘግቶ ነው ተባለ። ትምህርቱ ከብዶት፣ ሕይወት አስጠልቶት፣ አስቦበት ነው ተባለ። ወሬው በአውቶቡስ ተሳፍሮ ከሬሳው ቀድሞ ቆላ ገባ። ለቅሶ የመጣው ሰው ፊቱን ከእናትየዋ እያሸሸ ተቀመጠ፣ ቶሎ ቶሎም ተነስቶ ሄደ።

መምህርት ፈትለወርቅ ይህን ሁሉ ሰምታለች። ምናሴን ያስተማረችው እሷ ናት። ከሕንፃው ወጥታ ደረጃው ላይ ከእናትየዋ ጎን ተቀመጠችና፣ እማማ ብርዱ ይጎዳዎታል፣ ምን ላድርግልዎ ብላ ጠየቀቻት።

«በሩ አንድ እርምጃ ነበር አሉኝ» አለች ጥሩዓለም። «መኖር የፈለገ ልጅ አንድ እርምጃ እንዴት ያቅተዋል? ምን ይዞት ነው? ትቶኝ ነው የሄደው ወይስ ተነጥቄ ነው? እሱን አሳዪኝና እነሳለሁ።»

ፈትለወርቅ መልሱን ታውቀዋለች። በየዓመቱ ታስተምረዋለች። እናትየዋን ወደ ክፍል አስገብታ ሰሌዳ ላይ ሳለችላት፤ ይሄ የማይታየው የከሰሉ ጭስ ነው፣ ይሄ የደማችን ብረት ነው፣ እንዲህ ይያዛሉ አለች። ጥሩዓለም ብዙ ካየች በኋላ፣ ይሄ ጠመኔ ነው ልጄ፣ ልጄን የያዘው ጠመኔ አይደለም፣ በእጄ ልያዘው አለች። ተመልሳም ደረጃዋ ላይ ተቀመጠች።

በእጅ ማስያዝስ ፈትለወርቅ ትችልበታለች። ሌላው መምህር ስላይድ ያበራል፣ እሷ ፊኛ ታስነፋለች። ትምህርቱ ብረት ከካርቦን ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ነው፤ ኦርጋኖሜታሊክ ይሉታል፤ ስሙ ረጅም ነው፣ ስሙን ትተን ነገሩን እንያዝ። ኤሌክትሮን የትም አይዞርም፣ የሚንጎራደድበት ሰፈር አለው። ሰፈሩ ኦርቢታል ይባላል። በዓይን አይታይም፤ ፈትለወርቅ ግን ተማሪውን አንድ እጁን ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች አስዘርግታ በየእጁ ፊኛ አስራ ታቆመዋለች። ላይኛው እጅ ላይ ቀይ፣ ታችኛው እጅ ላይ ሰማያዊ። አንዱ ብረት ይሆናል፣ አንዱ የከሰል ጭስ ይሆናል። ቀይ ከቀይ፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ ከተገናኘ ሰፈራቸው አንድ ይሆንና ይያዛሉ። ቀይ ከሰማያዊ ከመጣ ግን ይጠፋፋሉ፣ መያያዝ የለም። በየዓመቱ አንድ ተማሪ ነገሩ ማግኔት መስሎት ቀዩን ይዞ ወደ ሰማያዊው ይሮጣል፤ በየዓመቱ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። የመጨረሻው የሮጠ ምናሴ ነበር።

መሳቢያዋን ከፈተች። ሰማያዊ አለ፣ ሁለቱም አሉ። ጭሱ የሚሰጠውን የሚያሳየው ረጅሙ ነጭም አለ። ቀይ ግን አንድ ብቻ ነው። ሌላኛውን ቀይ ያን ቀን ምናሴ እንደታሰረለት ይዞት ወጥቶ ነበር፤ ቦርሳው ላይ አንጠልጥሎ በግቢው በር ሲያልፍ ዘበኛው ሳይቀር ስቆበታል።

ጨዋታውን ለእናትየዋ አስረድታ በቀዩ ፋንታ ቢጫ ነፋች። ሰው ቢቸግረው ምን ያደርጋል? ጥሩዓለም ቢጫውን አየችው፣ ፈትለወርቅን አየቻት፣ ቀይ ቀይን ይይዛል አላልሽም እንዴ፣ እኔን ለማስነሳት ብለሽ አታታልዪኝ አለቻት።

በቃ። ቀይ ፊኛ ካልመጣ እናት አትነሳ።

ፈትለወርቅ ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች። ገረመው ተከተላት። ገረመው የምናሴ ክፍል ተጋሪ ነው፤ ያን ሌሊት ዘመድ ቤት አድሮ የተረፈ። ድሮ ክፍሉን በወሬ የሚያምስ ልጅ ነበር፤ አሁን ቃሉ እንደ ጥንቱ ቴሌግራም በቁጥር ሆኗል። ሂድ አላለችው፣ ና አላለችው፣ ዝም ብሎ ተከተለ።

በከተማው ፊኛ ሻጭ አንድ ነው። ጓንጉል ይባላል፤ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ በብስክሌት ነው የሚዞረው። በበዓል ቀን ቢሆን ኖሮ ከፊኛው ብዛት ራሱ የማይታይ ሰው ነው። አሁን ግን በረንዳው ላይ በጋቢ ተጠቅልሎ ዝናብ ይቆጥራል። ቀይ ፊኛ አለህ ወይ አሉት። ሞልቶኛል አለ። ነገር ግን ቤቱ ያፈሳል፤ ፊኛው እንዳይበላሽበት ከወንዝ ማዶ እህቱ ቤት አስቀምጦታል። እህቱ ደግሞ ለማታውቀው ሰው አትከፍትም፣ ውሻዋ ለሚያውቀውም አይመለስም። ራሱ እንዳይሄድ የብስክሌቱ ጎማ ተንፍሷል።

«በዚህ እግሬ ያን ጭቃ ልርገጠው? ተዪኝ የኔ እመቤት። ጎማዬን ካስለጠፍሽልኝ ፊኛሽ እዚህ ነው።»

ብስክሌት ካልሄደ ፊኛ አይመጣ፣ ፊኛ ካልመጣ እናት አትነሳ።

ገረመው ብስክሌቱን ተሸከመ፣ ፈትለወርቅ ጃንጥላውን ያዘችለት፣ ወደ ጎሚስታው ወረዱ። ጎሚስታው ሸምሱ ነው፤ በመናኸሪያው አጥር ሥር፣ በላስቲክ ጣሪያ፣ ከአሮጌ ጎማ በተሠራ ዙፋን ላይ የሚቀመጥ። አፉ ከእጁ ይፈጥናል፣ እጁም አይታማም። ጎማ መለጠፍ ለኔ ውሃ መጠጣት ነው አለ። ብስክሌቱን ገልብጦ ጎማውን እያሽከረከረ፣ ሚስማሯንም አገኛት። ከዚያ ቆመ። ጎማውን ከቸርኬው የሚፈለቅቅበት ብረት በጭነት መኪና ጎማ ላይ ተሰብሮበታል፤ ስባሪውን ከኪሱ አውጥቶ አሳያቸው።

«በጥርሴ ልፈልቅቅልሽ መምህርት? ያሉኝም ለሥጋ አልበቁ። ቀጥቃጩ ጋ ውሰጂው፣ ይቀጥልልኝ፣ ከዚያ የጎማሽን ነገር ለኔ ተዪው።»

ብረት ካልተቀጠለ ጎማ አይፈለቀቅ፣ ጎማ ካልተፈለቀቀ ብስክሌት አይሄድ፣ ብስክሌት ካልሄደ ፊኛ አይመጣ፣ ፊኛ ካልመጣ እናት አትነሳ።

ስባሪውን ይዘው ወደ ጋሽ ሽብሩ ወጡ። ጋሽ ሽብሩ ብረት ቀጥቃጭ ናቸው፤ ቤታቸው ከሩቅ በድምፅ ነው የሚታወቀው። ያን ቀን ግን ድምፅ የለም። መዶሻው ተኝቷል፣ ወናፉ ተጣጥፏል፣ ምድጃው ውስጥ ድመት ወልዳለች። ሽማግሌው ስባሪውን ተቀብለው አገላበጡት፣ ጥሩ ብረት ነው አሉ፣ አፍታ አይፈጅብኝም አሉ፣ መልሰውም ሰጡ። ብረት ሳይግል ቢመቱት እንደገና ይሰበራል እንጂ አይቀጠልም፤ ለማጋል ከሰል ያስፈልጋል፤ ከሰል ደግሞ የለም። ከቆላ የሚያመጣውን መንገድ ናዳ ዘግቶታል፣ የመጣውም ረጥቦ ጭሱ ዓይን ያወጣል። ደረቅ ከሰል ያላት አንዲት አሰለፈች ናት፤ እሷም መጋዘኗን ዘግታ ተቀምጣለች።

«ለምን ዘጋች?» አለች ፈትለወርቅ።

ጋሽ ሽብሩ ገረመውን አዩት፣ ከዚያ ድመቲቱን አዩ። ሄደሽ ጠይቂያት አሏት።

ከሰል ካልወጣ እሳት አይነድ፣ እሳት ካልነደደ ብረት አይቀጠል፣ ብረት ካልተቀጠለ ጎማ አይፈለቀቅ፣ ጎማ ካልተፈለቀቀ ብስክሌት አይሄድ፣ ብስክሌት ካልሄደ ፊኛ አይመጣ፣ ፊኛ ካልመጣ እናት አትነሳ።

የአሰለፈች በር ቆርቆሮ ነው። ፈትለወርቅ አንኳኳች፣ ዝም። ደግማ አንኳኳች፣ ዝም። ገረመው በመዳፉ ሲመታው ከውስጥ ድምፅ መጣ፤ ከሰል የለም፣ ሂዱ አለ ድምፁ። አለ እንጂ፣ በቀዳዳው ይታያል፤ ጆንያው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ፈትለወርቅ ለጋሽ ሽብሩ ምድጃ ነው፣ ለሰው ቤት አይደለም ብላ ለመነች። ለማንም አልሸጥም አለ ድምፁ። ያን ጊዜ ገረመው አፉን ከፈተ።

«እትዬ አሰለፈች፣ እኔ ገረመው ነኝ። የምናሴ ጓደኛ።»

ቆይቶ የሴትየዋ ድምፅ ከበሩ ጋር ተጠግቶ፣ ዝቅ ብሎ መጣ።

«ከኔ ነው የገዛው። ተማሪ ነው፣ ከሲታ ነው፣ ብርድ ይመታዋል ብዬ መረቅኩለት። በሁለት እጄ ዝቄ፣ ከገዛው በላይ ጨመርኩለት። ያ ምርቃት ነው ያጠፋው። እናቱ መጥታ ፊቴን ካላየችው፣ ትርገመኝ እንደሆነም ካልረገመችኝ፣ ይሄን በር አልከፍትም። ለሌላ ሰው ሸጬ የሌላዋን እናት ልጅ ልግደል?»

ፈትለወርቅ ብዙ ተናገረች። ጥፋቱ የከሰሉ አይደለም፣ ቤቱ ስለተዘጋ ነው አለች። አንድ እፍኝ አይጨምርም አይቀንስም አለች። ቆርቆሮ ምን ይሰማል? በሩ እንደተዘጋ ቀረ።

ወደ ላይ ተመለሱ። ዳገቱ ጭቃ ነው፣ ጫማ ይነክሳል። ፈትለወርቅ በልቧ ነገሩን እየጠቀለለች ሄደች፤ ግማሹ መንገድ ላይ ስትደርስ ቆመች። ገረመው ቀድሞ ደርሶበት ነበር።

«ቲቸር፣ ዞሮ ገጠመ» አለ፤ ከአፍንጫው የሳቅ ቁራጭ ወጣ፣ ደስታ የሌለበት።

እውነቱን ነው፣ ዞሮ ገጠመ። እናት ካልተነሳች በር አይከፈት፣ በር ካልተከፈተ ከሰል አይወጣ፣ ከሰል ካልወጣ እሳት አይነድ፣ እሳት ካልነደደ ብረት አይቀጠል፣ ብረት ካልተቀጠለ ጎማ አይፈለቀቅ፣ ጎማ ካልተፈለቀቀ ብስክሌት አይሄድ፣ ብስክሌት ካልሄደ ፊኛ አይመጣ፣ ፊኛ ካልመጣ እናት አትነሳ። መያዣ የሌለው ቀለበት። በየት በኩል ይጀመራል?

ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት ሰምታዋለች። ከፊኛው ትምህርት በኋላ ምናሴ እጁን አውጥቶ ነበር። ጭሱ ለብረቱ ኤሌክትሮን ይሰጣል፣ ብረቱም ለጭሱ መልሶ ይሰጣል ካልሽ፣ ማነው የሚጀምረው ቲቸር ብሎ ጠየቃት። ማንም አይጀምርም፣ አብረው ነው የሚሰጣጡት፤ የአንዱ መስጠት ለሌላው መስጠትን ያቀልለታል ብላ መለሰችለት። በመልሷም ኮርታ ነበር። አሁን ዳገቱ ላይ ቆማ ስታስበው መልሱ ለአተም የሚሆን እንጂ ለሰው የሚሆን አልመስል አላት። ሰው ጋ የሆነ ሰው መጀመር አለበት፤ መጀመር የነበረባቸው ሁለቱ ሴቶች ደግሞ ሁለቱም ተጎድተዋል።

ጥሩዓለም እዚያው ደረጃ ላይ ናት። ብርድ ልብሱን እንዳይረጥብባት በነጠላዋ ሸፍናዋለች፤ ራሷ ረጥባለች። ፈትለወርቅ ጎኗ ተቀመጠች። ባዶ እጄን መጣሁ ብላ ጀመረች። ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ የፊኛውን ለጎማው፣ የጎማውን ለብረቱ፣ የብረቱን ለእሳቱ፣ የእሳቱን ለከሰሉ፣ የከሰሉን ለበሩ እያቀባበለች። ከበሩ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ለእናት እንዲህ ያለ ነገር መንገር ይከብዳል። ቢሆንም አልደበቀችም፤ ሴትየዋ ምን እንዳለች ነገረቻት፣ እፍኙንም ነገረቻት።

ጥሩዓለም ጭንቅላቷን ቀና አደረገች። ፈትለወርቅ እርግማኑ መጣ ብላ ጠበቀች።

«መርቃለት ነበር?» አለች ጥሩዓለም።

«አዎ እማማ።»

«ምን ብላ?»

«ከሲታ ነው፣ ብርድ ይመታዋል ብላ።»

እናትየዋ ይህን ከተማ ከረገጠች ጀምሮ ስለ ልጇ የሰማችው ስለ አሟሟቱ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ቀጭን መሆኑን አይቶለት እንደነበር አልሰማችም። ብርድ ልብሱን አንስታ ፈትለወርቅ ጭን ላይ አስቀመጠችና፣ ያዢልኝ አለቻት። ተነሳች።

ፊኛ ሳይመጣ፣ እናት ተነሳች።

ገረመው መንገድ መራት። ፈትለወርቅ ብርድ ልብሱን አቅፋ ተከተለች። ቆርቆሮው በር ላይ ሲደርሱ ጥሩዓለም ሁለቱንም በእጇ ወደ ኋላ አለቻቸው። አላንኳኳችም። አፏን ለቀዳዳው አስጠጋች።

«አሰለፈች። የምናሴ እናት ነኝ። ክፈቺልኝ፣ ከሰል ልገዛ ነው የመጣሁት።»

መቀርቀሪያው ሲንቀሳቀስ ተሰማ፤ ቆመ፤ እንደገና ተንቀሳቀሰ። በሩ ሲከፈት አንዲት አጭር ሴት፣ ፊቷ እንደ ከሰሉ የጠቆረ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቆማለች። ጥሩዓለም አልተፋችም፣ አልረገመችም፣ አላቀፈችም። የነጠላዋን ጫፍ ዘረጋች። አሰለፈች በጣሳ ሰፈረችላት፣ ግማሹ መሬት ላይ ይፈሳል። ሰፍራ ስትጨርስ ጣሳውን አስቀመጠች።

ጥሩዓለም ነጠላዋን እንደዘረጋች ነበር። «ምርቃቱስ?» አለች።

ያኔ ነው አሰለፈች ቀና ያለችው። ሁለት እጇን ከጆንያው ከተተች፣ ሞልታ አወጣች፣ ነጠላው ላይ አፈሰሰች፤ ከዚያ እዚያው ከሰሏ ላይ ተቀምጣ ተንሰቀሰቀች። ጥሩዓለምም ከጎኗ ቁጭ አለች።

ከዚህ ወዲያ ያለው ቁልቁለት ነው። እናት ተነሳች፣ በር ተከፈተ። በር ተከፈተ፣ ከሰል ወጣ። ከሰል ወጣ፣ ድመቲቱ ልጆቿን በአፏ እያንጠለጠለች ጥግ ያዘች፣ ወናፉ ተነፈሰ፣ እሳት ነደደ። እሳት ነደደ፣ ብረት ጋለ፣ ብረት ተቀጠለ። ብረት ተቀጠለ፣ ሸምሱ ጎማውን ፈለቀቀው፤ ጥርሴ ተረፈ እያለ ለጠፈው። ጎማ ተለጠፈ፣ ብስክሌት ሄደ። ብስክሌት ሄደ፣ ጓንጉል ወንዝ ተሻግሮ፣ ከእህቱ ውሻ ተጣልቶ፣ ሱሪው ተቀዶ ተመለሰ። ከደረት ኪሱ አንድ ቀይ ፊኛ አወጣ፣ ያልተነፋ፣ እንደ ምላስ የተጠቀለለ። ቀይ ፊኛ መጣ።

ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፣ መብራቱ ደካማ ነው። ፈትለወርቅ ቀዩን ራሷ ነፋችው። ጥሩዓለምን መሐል አቆመቻት፤ እርስዎ በደም ውስጥ ያለው ብረት ነዎት አለቻት። በላይኛው እጇ ላይ ቀይ አሰረች፣ በታችኛው ላይ ሰማያዊ። የከሰሉን ጭስ ማን ይሁን ብላ ዞር ስትል ገረመው ቀድሞ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ፊቱን አየችው። ለእሱም በላይ ቀይ፣ በታች ሰማያዊ አሰረችለት፤ ረጅሙን ነጭ ፊኛ ደረቱ ላይ አስያዘችው።

መጀመሪያ ፈትለወርቅ ራሷ አየር ሆና መጣች። የእናትየዋን እጅ ያዝ አደረገች፣ ለቀቀች፣ ሄደች። አየር እንዲህ ነው፣ ቀለል ብሎ ይያዛል፣ እግር ጋ እጅ ጋ ሲደርስ ይወርዳል፤ ይሄው ነው የሚያቆመን አለቻት።

ቀጥሎ ገረመው መጣ። አይሸትም አለች ፈትለወርቅ፣ አያስልም፣ አያቃጥልም፣ በሩን አንኳኩቶ አይደለም የሚገባው። ገረመው መጀመሪያ እጁን ገልብጦ ቀረበ፤ ቀዩ በሰማያዊው ላይ መጣ።

«ይሄ አይሆንም» አለች ጥሩዓለም። «ቀይ ከቀይ ነው ያልሽው።»

«አይሆንም እማማ። እንዲህ ከመጣ አይያዝም።»

«እና ማን አዞረው?»

«ማንም። ዝም ብሎ ይገለባበጣል፤ ሲገለባበጥ የሚገጥምበትን ያገኛል።»

ገረመው እጁን አዞረ። ነጩን ፊኛ ወደ እናትየዋ ደረት ገፋው፤ ይሄ እሱ የሚሰጠው ነው። ቀዩ ከቀዩ ጋር ተጋጠመ፣ ሰማያዊው ከሰማያዊው ጋር፤ ይሄ ብረቱ መልሶ የሚሰጠው ነው። ፈትለወርቅ ፊኛዎቹን በክር አጣመረቻቸው፤ ገረመው የእናትየዋን የእጅ አንጓዎች ያዘ፣ እናትየዋም የሱን ያዘች። እሱ በሰጠ ቁጥር ብረቱ መልሶ ይሰጣል፣ ብረቱ በሰጠ ቁጥር እሱ አጥብቆ ይይዛል፣ ስለዚህ አይላቀቁም አለቻት። ዞራ እንደ አየር ልትገባ ሞከረች። የምትገባበት ቦታ የለም።

«አሁን ይልቀቁት እማማ።»

ጥሩዓለም እጇን ሳበች። እሷ ስትለቅ እሱ ይዟታል። እሱን ልታላቅቅ ስትገፋው የራሷ እጅ ይዞታል። ደግማ ሳበች። ወደ እግሯ አየች።

«እግሩ ነው ቀድሞ የሚከዳው?» አለች።

«እግሩ ነው። ዓይኑ በሩን ያያል፣ እግሩ ግን የለም።»

እናትየዋ መሳብ አቆመች። የገረመውን አንጓ የጨበጠውን የራሷን እጅ አየችው፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ጨርቁ በጭብጡ ነበር አሉኝ» አለች ቀስ ብላ። «የሚወትፍ ሰው ጨርቁን በሩ ሥር ትቶት ይመለሳል። ጨብጦት አይቀርም። ልጄ ሲያወጣው ነው። እግር ሳይኖረው፣ በደረቱ ተስቦ።» ትንፋሽ ወሰደች። «ደርሶ ነበር። ጨርቁ ጋ ደርሶ ነበር።»

የገረመው ትከሻ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጥሩዓለም አልለቀቀችውም፤ ፊኛው በመሐላቸው እየተንጣጣ ወደ ራሷ ሳበችው። ያን ሌሊት ባለመኖሩ የሚቆጨውን ለማን ይንገር? ለማንም ሳይናገር ተሸክሞት የከረመውን እሷ ላይ አራገፈው። እሱ ሲያለቅስ እሷ ያዘችው፣ እሷ ስታለቅስ እሱ ያዛት።

በማግስቱ ዝናቡ እንደዚያው ነው። አውቶቡሱ ናዳው እስኪጠረግ ቆይቶ ተነሳ። ጥሩዓለም በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች፣ ብርድ ልብሱ ጭኗ ላይ፣ ያ ቀይ ፊኛ ግማሽ ተንፍሶ ብርድ ልብሱ ላይ ታስሮ። ልጇ አልተመለሰላትም። የቆላ ሰው ይመናት አይመናት አይታወቅም። ከእሷ ጋር የወረደው አንድ ቃል ብቻ ነው፣ ደርሶ ነበር የሚል።

የነጠላዋን ከሰል ለጋሽ ሽብሩ ትታላቸው ሄዳለች። አሰለፈች ዛሬም ትሸጣለች፣ ዛሬም ትመርቃለች፤ ብቻ እፍኙን ሳታፈስ በፊት፣ የምታድርበት ቤት መስኮት አለው ወይ ብላ ትጠይቃለች። የለውም ላላት ተማሪ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ አድራለሁ ካላልክ አልሸጥልህም ትላለች።

ተረቴ ይኸው አለቀ። በዚያ ጫፍ የያዛችሁልኝ ቀስ ብላችሁ እጠፉልኝ። እኔ ሰጥቻችኋለሁ፤ እናንተም አንድ ቀን፣ ለሆነ ሰው፣ መልሳችሁ ስጡ።